ጢጥ የሚለው የምሳ ዕቃ

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዳምጠው የሠራውን ኬብል ሁለት ጫፎች የምሳ ዕቃው ጎን ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ሰካ። ሚስቱ ገበያነሽ ከጎኑ ቆማ ታየዋለች።

ነስሩ የጥገና ሱቁን በር ተደግፎ የሞተሩን ቁልፍ ያሽከረክራል። ከዲላ ወጣ ብላ ባለችው ጪጩ፣ ቡና መግዣው ጋ ሚዛን ላይ የሚሠራ ልጅ ነው። የዲጂታል ሚዛናቸው ማሳያ ተበላሽቶ አዲስ ቢገዙ መሰኪያው አልገጥም አላቸው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ኬብል ዳምጠውን አሠሩት።

"ጋሽ ዳምጠው፣ ይፍጠኑልኝ እንጂ! ገበሬው እሸት ቡናውን ይዞ ተሰልፏል። ትንሽ ብቆይ እኔኑ ነው የሚመዝኑኝ።"

"ለአንተማ የወርቅ ሠሪ ሚዛን ይበቃል።"

"ይሄ የምሳ ዕቃስ? ፓስታ አለበት?"

"ዳኛ ነው። በአምስቱም ሽቦ ተራ በተራ ኤሌክትሪክ ይልካል። በቦታው ከደረሰ ጢጥ ይላል፣ ከተሳሳተ ይጮሃል። ራሱ ይፈትሻል፤ የሰው ዓይን አይፈልግም።"

ገበያነሽ አንገቷን ደፋች። የስኳር በሽታው የዳምጠውን ዓይን እየጋረደው መሆኑን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። እሷንም "ትንሽ ብዥ ይልብኛል እንጂ" ነው የሚላት። የምሳ ዕቃውን መፈተሻ ያደረገው ለዚሁ ነበር። ግን መፈተሻውንም የበየዱት እነዚያው ዓይኖች ናቸው።

ጠዋት "ሦስተኛው አረንጓዴ ነው" ሲል ሰምታዋለች። አሁን ክዳኑ ባልተዘጋው መሰኪያ ጀርባ፣ ሦስተኛው ቦታ ላይ የምታየው ሰማያዊ ነው። ሽቦ ተቀያይሮ አዲሱ ማሳያ ከተቃጠለ ወሬው እስከ ማታ ዲላን ይዞራል፤ ከዚያ ወዲያ ለዳምጠው ሥራ የሚሰጥ አይኖርም።

ዳምጠው የመፈተሻውን ቁልፍ ተጫነ።

ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

"አለፈ!"

ነስሩ እጁን ዘረጋ።

"ቆይ" አለች ገበያነሽ። ሁለቱም ዞሩባት። ምን ትበል? "ሲሳሳትስ እንዴት እንደሚጮህ አትሰማም፣ ነስሩ?"

ዳምጠው ትናንት ሽቦ አቀያይሮ የጣለውን ኬብል ከቆሻሻው አንስታ ሰካች፤ ተጫነች። የምሳ ዕቃው ሱቁን በጩኸት ሞላው።

"ይሄማ አማቴ ናት!" ነስሩ ሳቀ።

ስለዚህ መፈተሻው ያውቃል። ሰማያዊው ታዲያ? ጩኸቱ ሳይቆም አዲሱን ኬብል ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ሄደች፤ ሌላኛውን ጫፍ ገልብጣ አየች። እዚያም ሦስተኛው ሰማያዊ ነው። በሁለቱም ጫፍ ያው ሽቦ ያው ቦታ ላይ ስለተበየደ ኤሌክትሪኩ መንገዱን አልሳተም። ኬብሉ ደህና ነው።

ብዥታ አይደለም። ዳምጠው ቀለም የሚባል ነገር አያይም፤ እያንዳንዱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ እየዳሰሰ ነው የሠራው።

ቀና አለች። ዳምጠው ምን እንደምትል እየጠበቀ ፈገግ ብሏል፤ ፊቱን ያዞረው ግን ቅድም ቆማ ወደነበረበት ባዶ ቦታ ነው።

"ደህና ነው" አለች፤ ኬብሉን ለነስሩ ሰጠችው።

ሚዛኑ የዚያ ዓመት ቡና እስኪያልቅ ሠራ። ከማግስቱ ጀምሮ ሽቦውን በቀለሙ እየለየች የምታቀብለው ገበያነሽ ሆነች። ዳምጠው በግንቦት እስኪያርፍ ድረስ ስለ ቀለም አንድም ቀን አልተነጋገሩም።