የመሠረት ድንጋዩ

በቀድሞው ፕሬዚዳንት ለቅሶ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ እንባ የወጣው ሰው ስላልተገኘ፣ ከትውልድ ወረዳቸው አንዲት ስመ ጥር አልቃሽ በመንግሥት መኪና ተጭና መጣች። ካላስለቀሰች ስሟ መጥፋቱ ነው። የሟቹን ሥራ ሳታውቅ ደግሞ ሙሾ አታወርድምና፣ የፕሮቶኮል ኃላፊውን ድንኳኑ በር ላይ ያዘችው።

"ምን ሠርተው ነበር፣ ልጄ?"

ኃላፊው ከወረቀቱ አነበበላት። "ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ቪላ፣ ሦስት መኪና፣ ስምንት ጠባቂ፣ የውጭ አገር ሕክምና..."

"እሱማ የተደረገላቸው ነው። እሳቸው የሠሩትን ነው የጠየቅሁህ።"

ወረቀቱን ገልብጦ ፈለገ። "ይኸው! በእናንተው ወረዳ ለሆስፒታል የመሠረት ድንጋይ አስቀምጠዋል።"

"አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመቱ ነው፤ እስካሁን ብቻውን ነው። ለመሆኑ የት ሞቱ?"

"ውጭ አገር፣ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ።"

"እዚያ አገር ድንጋዩ ላይ ሕንፃም ይሠሩበታል ማለት ነው" ብላው ገባች።

ድንኳኑ መሀል ቆማ ስለዚያ ድንጋይ ሙሾዋን ስታወርደው ሴቱ ደረቱን ደቃ፤ ጄኔራሎቹ ሳይቀሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ኃላፊው በደስታ እጇን ጨበጠ። "እማማ፣ ይህን ያህል ይወዷቸው ነበር እንዴ? እንግዲያው ድንጋዩን አስመጥተን መቃብራቸው ላይ እናቆመዋለን!"

"አምጡት" አለችው፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። "ስታነሱት ግን ቀስ በሉ። ሴት ልጄን ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወደ ከተማ ስንሸከማት፣ ትንሽ እንድታርፍ ያስደገፍናት እሱ ላይ ነበር። ከዚያ አልተነሳችም።"