ተቀበል!

በ2010 የጥምቀት ማግስት፣ ሞጣ ላይ፣ የኔሰውን «ጉሮሮህ ለወፍጮ እንጂ ለዘፈን አይሆንም» ብሎ ከኪነት ቡድኑ ያባረረው አሰልጣኙ በላቸው ነበር። ዛሬ የኔሰው ከአስቂኝ የሮክ ባንዱ ጋር የቢቸናን መድረክ ሲያናውጠው፣ ያው ሰው ከሕዝቡ መሀል ብድግ ብሎ «ተቀበል!» አለው።

«ዘፈን ነው እያለ ሰው የሚያስጨንቀው፣
ቀበቶው የላላ ወፍጮ ነው የዋጠው!»

ጊታሮቹ ዝም አሉ። ግጥም ተሰጥቶት ያልተቀበለ ዘፋኝ መሳቂያ ነው። የኔሰው ማይኩን በሁለት እጁ ጨብጦ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ግጥሙን እየጮኸ ተቀበለው። ድራሙ ተከተለው፤ ሕዝቡ በሳቅ እየፈረሰ አብሮት ዘፈነ። «ድገመው! ድገመው!»

ሦስት ጊዜ ደግሞት ውኃ ሊጠጣ ሲወርድ፣ በላቸው እየተጋፋ መጥቶ ክንዱን ያዘው።

«አንተ፣ ግጥሙ የኔ ነው እኮ! ስሜን ጥራልኝ እንጂ!»

የኔሰው ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቅቆ ወደ መድረኩ ወጣ።