የሙሽራው ጎፈሬ

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ ምንተስኖት «እኔ ባነሩን አልነካሁም» አለ። ስምረት ደግሞ «እኔ ፎቶውን አልነካሁም» አለች። ሁለቱም አልዋሹም። በሦስት ሜትሩ የሠርግ ባነር ላይ ግን መላጣው ሙሽራ ጎፈሬ አብቅሎ ቆሟል።

ምንተስኖት ፎቶውን በፎቶሾፕ ሲያጸዳ ለቀልድ ጎፈሬ ተክሎበት ሴቭ አደረገው። ስምረት ባነሩን በኢሉስትሬተር ስትሠራ ፎቶውን ያስገባችው በሊንክ ነበር፤ ዋናው ፎቶ ሲቀየር የባነሩም አብሮ ይቀየራል። ኮምፒውተሩ «ፎቶው ተቀይሯል፤ ላድሰው?» ሲላት ሳታይ እሺ ብላ ወደ ማተሚያው ላከችው።

«ሰውየው ነገ ነው የሚያገባው! አማቶቹ ፊት መሳቂያ ልታደርገው ነው?»

«አንቺስ ሳታዪ እሺ ትያለሽ እንዴ?»

እሱ ጎፈሬውን አጠፋ፤ እሷ አደሰች፤ ባነሩ እንደገና ታተመ። መላጣው አሁን ቁልጭ ብሎ ያበራል። የተበላሸውን ጠቅልለው ከበሩ ኋላ ደበቁት።

ሙሽራው በዝናብ ጃኬቱ ኮፍያ ተሸፋፍኖ ገባ። አዲሱን ባነር ሲያይ ክው አለ።

«ይህን ፎቶ ማን ሰጣችሁ?»

«እህትዎ ናቸው የላኩልን» አለች ስምረት።

«አጠፋችኝ! አማቶቼ እኮ መላጣ መሆኔን አያውቁም!»

ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋው። ጥቁር ዊግ፣ ያውም ጎፈሬ፣ ከውስጡ ብድግ አለ።

ስምረት ምንተስኖትን አየችው። ከዚያ ከበሩ ኋላ ጥቅሉን አምጥታ ዘረጋችው። ሙሽራው ባነሩን አየ፤ ዊጉን በእጁ ዳሰሰ፤ እንደገና ባነሩን አየ።

«የምወስደው ይኼን ነው!» አለ ጮክ ብሎ። «ያ መላጣ ግን ሠርጌ ላይ ዝር እንዳይል!»