ሰሊጥ የሆነው ሰውዬ

«ሰውየው ሰሊጥ የሚሆንበትን ቦታ ቁረጪው!»

«እሱን ከቆረጥኩት ምን ይቀራል ጋሽ ሰሎሞን?»

«ፊልም ይቀራል።»

ጋሽ ሰሎሞን የትልቁ የፊልም ሽልማት ዳኛ ነው... ከአዲስ አበባ መተማ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ድረስ መጥቶ፣ በዚያ ሙቀት ከረባቱን ሳያላላ የተቀመጠ ዳኛ!

ፅዮን የፊልሙ ዳይሬክተር ናት። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ለውድድሩ ያላስገባችው ነገር የለም... እንቅልፏንም ጭምር።

ፊልሟ እንዲህ ነው።

ሰሊጥ አጨዳ ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ ይታመማል። ሆዱ ያብጣል። ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ታጭዶ እንዲደርቅ የቆመውን የሰሊጥ ክምር የአገሩ ሰው ሂላ ይለዋል። ሰውየው ሂላ ተደግፎ ይተኛል።

ሲነጋ... ሰውየው የለም። አንድ ሂላ ጨምሯል።

ባለእርሻው ይመጣል። እሱንም እንደሌሎቹ ገልብጦ ያራግፈዋል።

ሰሊጥ ይፈስሳል።

አለቀ።

ፊልሙ ለዳኛው ሲታይ አዳራሽ ገብተው ያዩት የቀን ሠራተኞች ኮፍያቸውን አውልቀው ነው የወጡት።

ከዚያ በፊት ደግሞ የሌላ ሰው ፊልም ታይቶ ነበር። «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ይላል። ባለሀብቱ የታመመ ሠራተኛውን አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ሾርባ በማንኪያ ሲያጠጣው...

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ!

«ኧረ ይሄ እርሻ የት ነው? እንቀጠር!» ያለም ነበር።

ዳኛው ግን አለቀሰ። ለዓመቱ ምርጥ ፊልምም አጨው።

«ስሚ የኔ ልጅ» አላት ፅዮንን። «ፋንታሲ ትልቁን ሽልማት አይወስድም። ጂኒ፣ አስማት፣ ሰሊጥ የሆነ ሰው... የልጆች ነገር ነው። ቁረጪውና ከትላልቆቹ ጋር ትወዳደሪያለሽ። አልቆርጥም ካልሽ... ለሜካፕ አጭሻለሁ።»

«ለሜካፕ?»

«ሆዱ! የዚያ ሰውዬ ሆድ! እንዲህ ያለ ሜካፕ በአገራችን አይቼ አላውቅም።»

ጥግ ላይ የተቀመጠው፣ ሰውየውን ሆኖ የተወነው ተዋናይ ሳቁን ለቀቀው።

ምናለ ይባላል። ከጎጃም ለአጨዳ መጥቶ እዚያው የቀረ ነው። አሁን ሆዱ እንደኔና እንደናንተ ሆድ ነው።

«ምን ያስቅሃል?» አለ ዳኛው። «በምንድን ነው የነፋችሁት?»

«ካላዛር የሚሉት በሽታ ነው የነፋው ጌታየ። ሽልማቱን ለሱ ይስጡልኝ።»

...

የእውነት ሆድ ነበር!

ታሞ ሳለ «መጀመሪያ ቅረፂኝ፣ ከሞትሁ ማን ያምናል?» ብሎ የለመናት ራሱ ነው። ቀረፀችው። ከዚያ ባጃጅ ላይ ጭና ሆስፒታል ሮጠች። ታክሞ ዳነ።

ዳኛው ያፈረ መሰላችሁ?

ዓይኑ በራ!

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሰሊጡን ጥለሽ ሆዱን ብቻ ያዢ! እውነተኛ ታሪክ ብለሽ አስገቢው... ዋንጫው ያንቺ ነው!»

ፅዮን ወደ ምናለ ዞረች። ሆዱ የሱ ነው።

«በሽታየንማ ሰው ሁሉ አይቶታል» አለ ምናለ። «እያየ ነው ጥሎኝ የሄደ። ሰሊጥ መሆኔን ነው ማንም ያላየው።»

ወዳጆች...

እውነት ፊቱ ስትቆም «ሜካፕ ነው» የሚል፣ ሜካፑን ደግሞ «እውነት» ብሎ የሚሸልም ሰው አለ። እንደዚህ ካለ ሰው እጅ የሚቀበሉት ዋንጫ ውሃ እንኳ አይጠጣበትም።

እናንተ በፅዮን ቦታ ብትሆኑ ትቆርጡት ነበር? እስቲ ከታች ጻፉ... የዋንጫ ፍቅር ያለበትም አይደበቅ።

ፅዮን?

ላፕቶፗን አጠፈች።

«ምናለ፣ ተነስ እንሂድ።»

«የሜካፑስ?» አለ ዳኛው ከኋላዋ።

በሩ ተዘጋ።