ፓስተሩ አንድ ልጁን ሲድር

ፓስተሩ ክርክር ካገኘ እህል ውሃ አይልም። ወጣቱ የካቶሊክ ቄስ ቤቱ ሲመጣለትማ ፊቱ ይበራል። ሁለቱ ሳሎን ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ፤ ሴት ልጁ ሻይ ታቀርብና ጥግ ይዛ ትሰማለች።

"አባ፣ እግዚአብሔር ብዙ ተባዙ ሲል አንተ ማን ነህና አልባዛም የምትለው?" ይላል ፓስተሩ። "ያለማግባት ስእለት ማለት ሰው በገዛ እጁ አንገቱ ላይ የሚያጠልቀው ገመድ ነው። መፍታት ነው እንጂ!"

"ቃል ነው፣ ፓስተር። ቃል ደግሞ አይፈታም።"

"ኧረ ተወኝ! ቆንጆ ስታይ ይፈታል!"

ቄሱ ያቀረቅራል። ሲሄድ ልጅቱ እስከ በር ትሸኘውና እዚያው ሲያወሩ ይቆያሉ። ፓስተሩ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ያያቸዋል። "በለው! ገመዱ ላልቷል" ይላል በሆዱ።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያለችው አንድ ልጁ ብቻ ነች። የልጅ ልጅ ሳያቅፍ እንዳይሞት ይፈራል።

አንድ ቀን ልጅቱ እግሩ ስር ቁጭ አለች።

"አባዬ፣ ሙሽራ ልሆን ነው። ቃሌን የምሰጠው እነሱ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለማን እንደሆነ—"

"አትንገሪኝ! ዕውር መሰልኩሽ እንዴ?" ፓስተሩ ብድግ አለ። "በገዛ ደጃፋቸው! ጎሽ የኔ ልጅ!"

"አውቀኸዋል ማለት ነው? አልተቆጣህም?"

"ገና ድሮ! ይልቅ እንዳትፈሪ። ሰው ያወራል፤ እኔም ብሆን የዚያን ዕለት ሆዴ ሊባባ ይችላል። ባለቅስ እንኳ ወደ ኋላ እንዳትይ። ማይልኝ!"

"አንተ እኮ መሐላ አትወድም።"

"ማይልኝ አልኩሽ!"

ልጅቱ እንባዋ እየወረደ ማለችለት።

ልብስ ሰፊዋ ነጩን ቀሚስ ስትለካት ፓስተሩ እዚያው ነበር።

"ወገቡ ላይ ትርፍ ልተውለት? ሲያረግዙ ይሰፋል" ብላ ቀለደች ሰፊዋ።

"ተይው፣ አንዴ ነው የምለብሰው" አለች ልጅቱ። ጸጉሯንም አልሠራም፣ ተለቆ ይውረድ አለች። ቀለበት ያዘዘችው አንድ ብቻ ነው።

"ልክ ነሽ፣ የራሱን ራሱ ይግዛ!" ብሎ ሳቀ ፓስተሩ።

ያን ሳምንት እሷ በሕፃንነቷ የተኛችበትን አልጋ ከጓዳ አውጥቶ፣ አቧራውን ጠርጎ ቀለም ቀባው። እሁድም ለምእመናኑ "ቅዳሜ ተከተሉኝ፣ ጉድ አሳያችኋለሁ" አላቸው።

ቅዳሜ ያን ሁሉ ሰው አስከትሎ፣ የልጁን ክንድ ይዞ ወደ ካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ወጣቱ ቄስ ከነሙሉ ልብሰ ተክህኖው ፊት ለፊት ቆሞ ይጠብቃል።

"ይሄ ልጅ እስካሁን አላወለቀውም እንዴ?" አለ ፓስተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ልጅቱ የአባቷን ግንባር ስማ ተንበረከከች፤ የተለቀቀውን ጸጉሯን በሁለት እጇ ሰበሰበችና ከቄሱ አጠገብ መቀስ ይዘው ለቆሙት አሮጊት መነኩሲት አቀረበችላቸው።