እናትየው ካሜራውን የዘጋችበት ምክንያት

«እማዬ... ካሜራሽ ለምንድን ነው የተዘጋው?»

«እ... ተበላሽቶ ነው መሰለኝ።»

«ትናንት በቪዲዮ ስናወራ ደህና አልነበር እንዴ?»

«በይ ስፖርቱ ሊጀመር ነው፣ ቻው!» ብላ እናትየው ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ልጅቷ ፋርማሲስት ናት። ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው እናትና አባት «ይቺን ከምግብ በኋላ... ይቺን ሲተኙ» እያለች ትሸኛለች።

የራሷ እናት ግን ብቻዋን ነው የምትኖረው።

ከወራት በፊት እናትየው ወጥ ቤት ውስጥ አዳልጧት ወደቀች። አጥንቷ ተርፏል። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ ስልክ በጠራ ቁጥር ልቧ ድው ይላል።

እናቷን ያየው ሐኪም አንድ ነገር መከራት።

«እግር ካልሠራ ይከዳል። ለአዛውንቶች በኦንላይን የምንሰጠው የአካል እንቅስቃሴ አለ። ሳሎናቸው ሆነው፣ ወንበር ይዘው ይሥሩ። ያስመዘገባቸው ቤተሰብም በስልኩ ገብቶ ማየት ይችላል።»

አስመዘገበቻት። ከዚያም ቁርጡን ነገረቻት...

«እማዬ፣ በሥርዓት ከሠራሽ እዚሁ ቤትሽ ትኖሪያለሽ። ካልሠራሽ ግን ጠቅልለሽ እኔ ጋ ነው የምትገቢው። ቃል?»

«ቃል።»

እናትየው ያንን ቤት እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታየው። ተድራ የገባችበት፣ ልጇን ያሳደገችበት ቤት ነው።

መጀመሪያ አካባቢ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ልጅቷ በደንበኛና በደንበኛ መሀል ስልኳን ሰረቅ አድርጋ ስታይ እናቷ ከወንበር ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ተረከዟን ታነሳለች።

ድንገት ግን ካሜራው ተዘጋ። በየቀኑ ጥቁር ሳጥን ብቻ...

«አሃ! ስፖርቱን ከፍታ ተኝታለች ማለት ነው!» አለች ልጅቷ።

አንድ ቀን ከሥራ አስፈቅዳ ወጣች። መንገድ ላይ ሳለች ለእናቷ የትኛውን ክፍል እንደምትለቅላት ሁሉ ወስናለች። ትርፍ ቁልፏን አውጥታ በሩን ቀስ አድርጋ ከፈተችው...

ያየችውን ማመን አቃታት።

ሶፋው ግድግዳ ተጠግቷል። ስልኩ የአበባ ማስቀመጫ ተደግፏል። ሦስት ወንበር ተደርድሯል። የወንበሮቹን መደገፊያ ይዘው፣ ከአጥር ማዶ ኳስ እንደሚያዩ ልጆች በእግር ጣታቸው ቆመው የተንጠራሩ ሦስት አዛውንቶች!

አንዷ እናቷ ናት። ሌላው ፊት ለፊት ያለው በር የሚኖሩት ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሦስተኛዋ ደግሞ ወሬ ስለማታቆም የሕንፃው ሰው «ዝምተኛዋ» የሚላት ጎረቤት ናት።

«እማዬ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ውይ ጉዴ! ቀስ በይ... ትሰማናለች!»

«ማን?»

«አሠልጣኟ ናታ! የተመዘገብኩት እኔ ብቻ... እነዚህ ያለ ትኬት ነው የገቡት።»

መቼም እዚህ ላይ ስለ እናትየው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጡረታ እስክትወጣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበረች። ትኬት አልያዝሽም ብላ የገዛ እህቷን ሳይቀር ያወረደች ጉደኛ ናት! በአንድ ሰው ምዝገባ ሦስት ሰው ማስገባት ለእሷ ትልቅ ወንጀል ነው። ካሜራውን የዘጋችውም ለዚሁ ነው።

ይሄኔ ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ...

«እማማ፣ ካሜራውን ዘጉ እንጂ ድምፁን መች ዘጉት? የሦስቱም ወንበር ሲንቋቋ ይሰማኛል እኮ! ሦስታችሁም እንድትደርሱ ብዬ አይደል ቀስ ብዬ የምቆጥረው? ደግሞ አንዷ እናት ወሬ አያልቅባቸውም...»

ዝምተኛዋ አፏን በእጇ ሸፈነች። ሁሉም ሳቁ።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። እናቷን ይዛ ወጥ ቤት ገባች።

«እማዬ፣ እኔ እንቅልፍ አጥቼ የምለፋው አንቺ እንዳትወድቂ ነው። አንቺ የሰው ሽማግሌ ታሠለጥኛለሽ?»

እናትየው የወጥ ቤቱን ወለል በጣቷ አሳየችና...

«ያን ቀን ስወድቅ ማን እንደደረሰልኝ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

ልጅቷ ደነገጠች። ተደውሎላት ስትመጣ እናቷ አልጋ ላይ ተቀምጣ ነበር። እንዴት እዚያ እንደደረሰች... በፍጹም ጠይቃት አታውቅም።

«ጩኸቴን ሰምቶ የመጣው ሰዓት ሠሪው ነው። ላንሳሽ ብሎ ጎንበስ ሲል የሱም ጉልበት ከዳውና... እዚሁ አጠገቤ ወደቀ።»

«ምን?!»

«ወገቡን ይዞ እያቃሰተ 'አይዞሽ፣ ሰው ይመጣል' ይለኝ ነበር። በኋላ ዝምተኛዋ የሕንፃውን ጥበቃ ጠርታ አስነሳችን። እንዳትነግሪያት ስላለኝ ነው የደበቅኩሽ። ልጅ የለው፣ ዘመድ የለው... እሱን ማን ያስመዝግበው?»

የልጇን እጅ ያዘች።

«ልጄ... ነገም ብወድቅ ሮጦ የሚመጣው እሱ ነው። እኔ ብቻዬን ብጠነክር ምን ይሠራልኛል?»

ልጅቷ እስከዛሬ እናቴ ብቻዋን ናት እያለች ነበር የምትጨነቀው። እስቲ እናቷ እሷ ቤት ብትገባስ? ልጅቷ እስከ ማታ ሥራ ላይ ናት... እናቷ ብትጮህ ማን ይሰማታል?

ዓይኗን ጠርጋ ወደ ሳሎን ተመለሰችና ስልኩ ፊት ቆመች።

«ይቅርታ እህቴ፣ ሁለት ሰው ማስመዝገብ ፈልጌ ነበር።»

«ደስ ይለኛል! ግን የሚያስመዘግበው ቤተሰብ ነው... ምንሽ ናቸው?»

ልጅቷ ዞር ብላ ሰዓት ሠሪውን አየቻቸው። እንዳልሰማ ሆነው ወንበሩን ያስተካክላሉ።

«አባቴ ናቸው» አለች። «እሷም አክስቴ ናት።»

ሰዓት ሠሪው መነጽራቸውን አወለቁ... ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

ዝምተኛዋ እንኳን የምትናገረው ጠፋት።

ወዳጆቼ... ወላጅ የሚጠበቀው እግሩ ሲጠነክር ብቻ አይደለም። አጠገቡ ያለው ሰው እግርም ሲጸና ነው። ለእናትህ የምታስበውን ያህል ለእናትህ ለሚደርስላት ሰው አስብ።

እስቲ ልጠይቃችሁ... እናታችሁ ወይ አባታችሁ አሁን ቢወድቁ ከእናንተ ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው? እናመሰግናለን ብላችሁት ታውቃላችሁ? ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፣ እያንዳንዱን አነባለሁ።