«የባለቤቴን ራም እንዳትነኩት!»

«ባል ለሞተባት ሴት የተበላሸ ዕቃ ትሸጣለህ? ሌባ!»

አስካለ ስትጮህ የፒያሳው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ጸጥ አለ...

የስልክ ሽፋን የሚያማርጡት ልጃገረዶች ዞሩ። ፊት ለፊት ያለችው የፎቶ ኮፒ ሠራተኛ ማሽኗን አቆመች።

ባለሱቁ ዘርኡ ባንኮኒው ላይ ከተቀመጠው የአስካለ ኮምፒውተር ውስጥ ራሙን፣ ያቺን ቀጭን የማስታወሻ ሰሌዳ፣ አወጣ። ሰኞ ዕለት ራሱ የሸጠላት፣ ራሱ የገጠመላት ነው።

«እትዬ አስካለ፣ እስቲ የድሮውን አውጥተን ይሄን ብቻውን እንሞክረው። ሰኞም ብዬዎት ነበርኮ...»

«የድሮውን አትንካ አልኩህ! ባለቤቴ በገዛ እጁ ያስገባው ነው። አምስት ዓመት ሠርቷል። ጉዱ የመጣው ያንተን ካስገባሁ ወዲህ ነው!»

ራሙን ከእጁ ነጥቃ ወለሉ ላይ ወረወረችው።

ለሁለት ተሰበረ።

ዘርኡ ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን ለቀመ... ከዚያ ወደ ጓዳው ገባ። ቆይቶ ሌላ ራም ይዞ መጣና ገጠመላት።

«ይኸው። ይሄኛው እንደሚሠራ እርግጠኛ ነኝ» አለ።

አስካለ ክፉ ሴት አልነበረችም። ተስፋ የቆረጠች ሴት ነበረች።

ባለቤቷ ጋሽ ሉልሰገድ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነበር። ሰፈራቸው ፈርሶ ጎረቤቱ ሁሉ ሲበተን፣ የአርባ ቤቶችን ታሪክ መጻፍ ጀመረ... ማን የት ይኖር እንደነበር፣ ማን የማንን ልጅ እንዳሳደገ፣ በማን ደጃፍ ሠርግ ተደግሶ በማን ደጃፍ የለቅሶ ድንኳን እንደተተከለ... ከነፎቶው።

ጨረሰው። ግን ሳያሳትመው ሞተ።

ጽሑፉ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። «ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል» ይል ስለነበር ሌላ ቦታ አላስቀመጠውም።

የሙት ዓመቱ እሑድ ነው። ጎረቤቶቹ ከተበተኑበት ከአራብሳም ከገላንም ይመጣሉ። አስካለ ጽሑፉን አሳትማ ለእያንዳንዳቸው በእጃቸው ልትሰጥ አስባለች። ኮምፒውተሩ ግን በጣም ይጎተታል። «ራም ቢጨመርለት ይፈጥናል» አሏት፤ አስጨመረች።

ከዚያ ጀምሮ በየአሥር ደቂቃው ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና ድርግም ይላል...

ዐርብ ጠዋት፣ በሁለተኛው ራም ከፈተችው።

አሁንም ድርግም።

መልሳ ስታስነሳው ጽሑፉ አልከፈት አለ። «ፋይሉ ተበላሽቷል» የሚል መልእክት መጣ።

አስካለ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ሉሌ... ሁለተኛ ሞትክብኝ» አለች። ማልቀስ እንኳ አቃታት።

ቅዳሜ ማለዳ ኮምፒውተሩን ታክሲ ላይ ጭና አራት ኪሎ ወሰደችው። ኢልሀም የምትባል ጠጋኝ አለች ብለዋት ነበር። ኢልሀም ክዳኑን ፈታችና ውስጡን አየች።

«ራሞቹን አንድ በአንድ ነው የምሞክራቸው፣ እማማ።»

«የድሮውን አትንኪብኝ። የባለቤቴ...»

ኢልሀም መፍቻዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እንግዲያው ይውሰዱት። አንዱን አትጠርጥሪ እያሉኝ ጥፋተኛውን እንዴት ላግኝልዎት?»

አስካለ የኮምፒውተሩን ጎን በእጇ ዳሰሰች...

«አውጪው» አለች በመጨረሻ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኢልሀም ቆሻሻው እንዲለቅ የድሮውን ራም ጫፍ በላጲስ ፈገፈገችና ብቻውን ሞከረችው። መፈተሻው ፕሮግራም ስክሪኑን በቀይ መስመር ሞላው። ዘርኡ የገጠመላትን ብቻውን ሞከረች... ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ስህተት አልታየበትም።

«የተበላሸው የድሮው ነው፣ እማማ።»

«አምስት ዓመት የሠራው?»

«ሌላ ሲጨመርበት ባሰበት እንጂ፣ በፊትስ ቀጥ ብሎ አይቆምም ነበር?»

አስካለ አሁን ትዝ አላት። ሉልሰገድ እየሳቀ «ደክሞታል፣ ይረፍ» እያለ ያጠፋው ነበር።

«ይሄኛው ደግሞ» አለች ኢልሀም፣ «ደህና ነው፤ ግን አዲስ አይደለም። ሲሠራ ከነበረ ኮምፒውተር የወጣ ነው።»

አስካለ እየሮጠች ወደ ፒያሳ ወረደች።

ዘርኡ አንድ ደንበኛ ሲመልስ ደረሰች። «ዛሬ ፍላሽ ላይ ዘፈን አንሞላም ወንድሜ፣ ኮምፒውተራችን አይሠራም።» ከአጠገቡ ያለው ኮምፒውተር ክዳኑ ተከፍቷል።

«ከራስህ አውጥተህ ነው የሰጠኸኝ?»

«የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር፣ እትዬ። አዲስ ዕቃ የሚገባልኝ ማክሰኞ ነው። የእርስዎ ጉዳይ ደግሞ እሑድ ነው።»

«ሌባ ስልህ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? እንባዎ እየወረደ፣ ‹የተበላሸው የጋሽ ሉልሰገድ ነው› ልበልዎት?» ፈገግ አለ። «ዝናዬን ግን አወጡልኝ። ትናንት አንዱ መጥቶ ‹የተሰረቀ ስልክ ትገዛለህ?› አለኝ።»

አስካለ አልሳቀችም። እዚያው ፎቁ መሐል ቆማ፣ ሁሉም እንዲሰማ «ይሄ ልጅ ንጹሕ ነው! ያጠፋሁት እኔ ነኝ!» አለች። እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዞ ከለከላት።

ጽሑፉስ?

ኢልሀም የሠላሳ አንዱን ቤት ታሪክ አተረፈች። በተበላሸው ራም ሲከፈትና ሲዘጋ የሰነበተው የዘጠኙ ቤት ጠፋ።

«ሰኞ ዕለት አውጥተውት ቢሆን ሁሉም ይተርፍ ነበር» አለቻት፣ አንገቷን ደፍታ።

አስካለ የተረፈውን ቅዳሜ ማታውኑ አሳትማ አስጠረዘችው። እሑድ ጎረቤቶቹ መጡ። ጥራዙን ተቀብለው ገለጡ... አለቀሱ፣ ሳቁ፣ ፎቶውን እየተቀባበሉ አዩ።

ዘጠኝ ሰዎች ግን ከዳር እስከ ዳር ገልጠው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። የገዛ ቤታቸውን እየፈለጉ።

አስካለ ወደ ዘጠኙም በየተራ ሄደች። ለእያንዳንዳቸው ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ነገረቻቸው።

ወዳጆቼ... ሰው ሲሞትብን እጁ የነካውን ሁሉ እንከን የሌለው እናደርገዋለን። ጥፋት ሲመጣ ታዲያ አዲስ የመጣውን፣ ባዕዱን፣ ዝም ያለውን እንከሳለን። የሞተውን መውደድ በሕይወት ያለውን ለመበደል ፈቃድ አይሆንም።

እናንተስ? የምትወዱትን ላለመጠርጠር ብላችሁ የከሰሳችሁት ንጹሕ ሰው አለ? ይቅርታ ጠየቃችሁት... ወይስ እስከ ዛሬ ዝም እንዳላችሁ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።